ከቦሌ ተርሚናል እስከ ቤተሰብ ደጅ፦ የተመላሾች ማረፊያ ቤቶች ታሪክ

1. ትኬቱ የሚያልቅበት ቦታ

ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ሰው የደስታ ቦታ ነው። አበባ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ከክፍለ ሀገር ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ ዘመድ ደጁን ሞልቶ ይጠብቃል። በዚያው በር ግን ማንም የማይጠብቃቸው መንገደኞችም ይወጣሉ። ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከኩዌት ወይም ከታንዛኒያ እስር ቤት የተመለሱ ናቸው። አብዛኞቹ ሻንጣ የላቸውም፤ ያላቸው አንድ ፌስታል ነው። በፓስፖርት ፋንታ ኤምባሲ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሰጣቸውን ወረቀት፣ ሊሴ ፓሴ፣ ይዘዋል። የቤተሰባቸው ስልክ ቁጥር የጠፋባቸው አሉ። ቁጥሩን ቢያስታውሱትም ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው እንዳይሰማ ብለው መደወል የማይፈልጉም አሉ።

ትኬቱ እዚህ ያልቃል፤ መንገዱ ግን ገና ነው። ወደ ቆቦ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሆሳዕና ለመድረስ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ጤና ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። የታመመች፣ ያረገዘች ወይም ራሷን የማታውቅ ሴት ከተርሚናሉ ደጅ ብቻዋን ብትቀር ወዴት ትሄዳለች? ላለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ በአዲስ አበባ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት ከስደት ተመላሾችን የሚቀበሉ ማረፊያ ቤቶች ናቸው። በአገልግሎታቸው ትልቅ፣ በአቅማቸው ትንሽ፣ በከተማው ነዋሪ ዘንድም ብዙም የማይታወቁ ተቋማት ናቸው።

2. የባቡር ጣቢያና የእግዚአብሔር እንግዳ

መንገድ ላይ የቀረን ሰው የሚረዳ ድርጅት ማቋቋም በሌላው ዓለም የቆየ ልማድ ነው። የአሜሪካዋ የሴንት ሉዊስ ከተማ ከንቲባ የነበረው ብራያን ሙላንፊ እ.ኤ.አ. በ1851 ሲሞት ከሀብቱ አንድ ሦስተኛውን በከተማዋ አልፈው ወደ ምዕራብ ለሚጓዙ ችግረኛ መንገደኞች ተናዘዘ። በበርሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1894 የመጀመሪያው የባቡር ጣቢያ የዕርዳታ አገልግሎት ተከፈተ። ዓላማው ከገጠር ሥራ ፍለጋ የሚመጡ ልጃገረዶችን ጣቢያው ላይ ከሚያደቡ ደላሎች መጠበቅ ነበር። አገልግሎቱ በጀርመን ዛሬም አለ። ልጃገረድ፣ የቤት ሠራተኝነት፣ ደላላ፣ የማታውቀው ከተማ፤ ይህ ሁሉ በአንድ በር ላይ ሲገናኝ የሚፈጠረው ችግር በበርሊንም በቦሌም አንድ ነው።

በኢትዮጵያ ግን መንገደኛን መርዳት ለረጅም ዘመን የድርጅት ሥራ ሆኖ አያውቅም። የቤት ሥራ ነበር። የመሸበት ሰው ያገኘውን ደጅ ያንኳኳል፤ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ እግሩ ታጥቦ፣ ከተገኘው ተቋድሶ፣ መደብ ላይ ያድራል። ገዳማትና መስጊዶችም ለመንገደኛ ደጃቸውን ክፍት አድርገው ኖረዋል። ይህ ሥርዓት የሚሠራው ግን መንገደኛው የሚሄድበትን ሲያውቅና በማግስቱ ተነሥቶ መሄድ ሲችል ነው። ሕክምና ለሚያስፈልገው፣ አገሩን ጥሎ ዓመታት ለቆየ፣ ቤተሰቡ ለጠፋበት ሰው የአንድ ሌሊት ማደሪያ አይበቃም።

የተበታተነን ቤተሰብ የማገናኘት ሥራ በተቋም ደረጃ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው በ1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። ቀይ መስቀል በዓለም ዙሪያ በጦርነትና በአደጋ የተለያዩ ቤተሰቦችን በማፈላለግ ይታወቃል። በሥራ ስደት የተጎዳ ሰው አልጋ፣ ምክርና አጃቢ የሚያገኝበት ቤት ግን ገና አልነበረም።

3. የቤይሩት ዓመታት

በረራ ከልደታ ወደ ቦሌ የዞረው በ1950ዎቹ ነው፤ የልደታው ማኮብኮቢያ ለጄት አይበቃም ነበር። ያኔ ቦሌ የከተማው ዳርቻ ነበር፤ ከአገር የሚወጣውም ሰው ጥቂት ነበር። ከደርግ ውድቀት በኋላ ከአገር መውጣት ሲቀል ከገጠርና ከትንንሽ ከተሞች የተነሱ ወጣት ሴቶች ወደ ሊባኖስና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች መፍሰስ ጀመሩ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን ሥርዓት ለማስያዝ የመጀመሪያው ሙከራ ነበር። በኤጀንሲ በኩል በውል የምትሄደዋ «ኮንትራት» ትባላለች። ከእሷ ጎን ለጎን ግን በዘመድ፣ በጎረቤትና በሰፈር ደላላ በኩል የሚሄዱት በብዛት ነበሩ።

በሄዱበት የጠበቃቸው ካፋላ የሚባለው ሥርዓት ነው። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ስም ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ደመወዝ ብትከለከል ወይም ብትደበደብ ከቤቱ መውጣት ራሱ ወንጀል ይሆንባታል። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው። ከፎቅ ዘላ የተሰበረች፣ ለወራት ተዘግቶባት አእምሮዋ የታወከ፣ ወልዳ ለልጇ ወረቀት ያጣች ሴት መመለሻዋ ቦሌ ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409፣ 90 ሰዎች ይዞ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከሟቾቹ መካከል በቤት ሠራተኝነት ቆይተው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ነበሩ። ብዙ ኢትዮጵያዊ በዚያ መስመር ማን እንደሚመላለስ በግልጽ ያየው በዚያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ማረፊያዎች የተከፈቱት በእነዚህ ዓመታት ነው። ስማቸው ጎልቶ ከሚነሳው አንዱ አጋር ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል የበጎ አድራጎት ማኅበር ሲሆን፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ ተጎድተው የሚመለሱ ሴቶችን ተቀብሎ ማስጠለል፣ ማሳከምና ከቤተሰብ ማገናኘት ዋና ሥራው አድርጎ ይዟል። አጀማመሩ ያስተምራል። ማንም ቀድሞ «ተቋም እንገንባ» ብሎ አልተነሳም። ችግሩ ደጅ ላይ ቆሞ ስለታየ ግቢ ተከራይቶ አልጋ መዘርጋት ተጀመረ፤ መዋቅሩና የአሠራር መመሪያው በኋላ መጣ።

4. ኅዳር 2006

ሳዑዲ ዓረቢያ ወረቀት ለሌላቸው የውጭ ሠራተኞች የሰጠችው የምሕረት ጊዜ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ሲያበቃ የጅምላ አፈሳ ተጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በጥቅምት፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አግዶ ነበር። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በቦሌ በኩል ተመለሱ። በበረታባቸው ቀናት የሚገባው ሰው በቀን እስከ 7 ሺህ ይደርስ ነበር። ቀድሞ የተገመተው ቁጥር ከዚህ በብዙ እጥፍ ያንስ ስለነበር ዝግጅቱም በዚያው ልክ ነበር።

የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ቀይ መስቀልና በጎ ፈቃደኞች ተረባርበው ጊዜያዊ መቀበያ ማዕከሎችን አቋቋሙ። ተመላሹ ይመዘገባል፣ ይበላል፣ ይታከማል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጥቶት አውቶቡስ ይሳፈራል። እንዲህ ያለ ቁጥር በጥቂት ወራት ተቀብሎ መሸኘት ቀላል ሥራ አልነበረም፤ የሠሩት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

ማዕከሎቹ የተሠሩት ግን ለሚራመድ ሰው ነበር። አውቶቡስ ላይ መውጣት ለማይችለው ሌላ ቦታ ያስፈልግ ነበር። ስሟን የማትናገር፣ ሌሊት የምትጮህ፣ ከእስር ቤት ቁስል ይዛ የመጣች፣ አባቱ ያልተቀበለው ልጅ ያቀፈች ሴት፤ እነዚህን ተሸክመው የቀሩት ትንንሾቹ ማረፊያ ቤቶች ናቸው። የሥራ ክፍፍሉ የተለየው ያኔ ነው፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ቁጥሩን ይዘው፣ ትንንሾቹ ቤቶች በቁጥር የማይሸኘውን ሰው ያዙ። እስከ ዛሬም በአብዛኛው እንዲሁ ነው።

ማዕበሉም አንድ ጊዜ መጥቶ አልቆመም። በመጋቢት 2009 ሳዑዲ ሌላ የምሕረት አዋጅ አወጀች፤ በተከታዮቹ ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተመለሱ። በ2012 ኮሮና ሲገባ የሚመለሱት በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ወደ ለይቶ ማቆያ ገቡ። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ በቤይሩት፣ ኢኮኖሚው የወደቀባቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነዕቃቸው ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። እዚያው ሊባኖስ ውስጥ ራሳቸው የቤት ሠራተኞች በ2010 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቱት «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ምግብ፣ ማደሪያና የመመለሻ ትኬት በማፈላለግ ከፊት ተሰለፈ። የቦሌ ማረፊያ ቤቶች ሥራ ከቦሌ በፊት እንደሚጀምር ይህ ማኅበር ጥሩ ማሳያ ነው።

5. ቤቱ እንዴት ይሠራል

ግቢው ከውጭ ሲታይ የማንም መኖሪያ ቤት ይመስላል። ብዙ ጊዜ የኪራይ ቪላ ነው፤ ትልቅ ሰሌዳ አይለጠፍበትም፤ አድራሻውም በቀላሉ አይነገርም፤ ደላላና የሚያስፈራራ ሰው ተከታትሎ እንዳይመጣ ነው። ውስጡ ተደራራቢ አልጋዎች፣ ወጥ ቤት፣ የምክር ክፍል፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥን፣ የልብስ ማጠቢያ አለ። የቤቱ ዋና ሠራተኞች ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፣ ነርሷ፣ ምግብ አብሳይዋ፣ ጥበቃውና ሹፌሩ ናቸው። ተቋሙን ከውጭ የሚያየው ሰው ሹፌሩን ቸል ሊለው ይችላል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያው ስልክ ሲደወል የሚነሳው ግን እሱ ነው፤ በአገሯ ምድር ላይ ተመላሿን መጀመሪያ በደህና ቃል የሚያናግራት ሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሌሊት የራሱ ሥርዓት አለው። መጠይቅ አይሞላም። ገላዋን ትታጠባለች፣ ንጹሕ ልብስ ይሰጣታል፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ልምድ ያላት ማኅበራዊ ሠራተኛ በዚያ ሌሊት ስንት ዓመት እንደቆየች፣ ማን እንደመታት፣ ገንዘቧ የት እንደገባ አትጠይቅም። መብራት እንዲጠፋ የማትፈልግ ካለች መብራቱ እንደበራ ያድራል። ክፍሉ ከውጭ አይቆለፍም፤ ለወራት ተዘግቶባት ለኖረች ሴት የቁልፍ ድምፅ ብቻውን ሊያሸብራት ይችላል።

ቀጥሎ ሕክምና ይመጣል። የአካል ሕመም ያለባት ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ አእምሮዋ የታወከ ደግሞ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ትላካለች። አማኑኤል አስታሞ ሲጨርስ «ለማን ላስረክብ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማረፊያ ቤቱ ከሌለ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይኖርም። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጥ፣ በቀጠሮዋ ቀን የሚወስዳት ሰው የሚገኘው በዚያ ግቢ ነው። ጸበል ወይም ዱዓ የምትፈልግ ካለችም ባለሙያዎቹ አይከለክሏትም፤ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ ብቻ ይለምኗታል። ይህ አካሄድ ከቤተሰብ ጋር ሳይጣሉ ሕክምናውን ለማስቀጠል ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል።

የቡድን ምክር የሚባለው በተግባር ቡና ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ከተመላሾቹ አንዷ ታፈላለች። በመጀመሪያው ቀን ማንም አይናገርም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው አንዷ «የእኔዋ ሜዳም» ብላ ትጀምራለች፤ ሌላዋ ትቀጥላለች። የደረሰባት ነገር በእሷ ጥፋት እንዳልመጣ ከባለሙያ ከምትሰማው ይልቅ፣ ተመሳሳዩ ከደረሰባት ከጎኗ ከተቀመጠችው ስትሰማው ታምናለች።

ማፈላለጉ ከሁሉ ረቂቅ ሥራ ነው። ያለው መረጃ አንዳንዴ የአንድ ቀበሌ ስም፣ አንዳንዴ የተማረችበት ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴ «ገበያው ቅዳሜ የሚውልበት» የሚል ቃል ብቻ ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ወደ ወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ትደውላለች፤ ከዚያ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ዕድር ዳኛ፣ ወደ ሰበካ ጉባኤ ወይም ወደ መስጊዱ ኢማም። አባት ሲገኝ ስልኩን በድንገት ለልጅቱ አትሰጥም። አስቀድማ እሱን ታነጋግራለች፤ ልጁ ታማ እንደመጣች፣ ገንዘብ እንዳልያዘች ትነግረዋለች። ለጉዞዋ መሬቱን አስይዞ፣ በሬውን ሸጦ የተበደረ አባት ሊቆጣ፣ ሊያለቅስ፣ ስልኩን ሊዘጋም ይችላል። በማግስቱ እንደገና ይደወልለታል።

ሽኝቱ እንደ ሰውዋ ሁኔታ ይለያያል። ለአንዷ ሳምንት ይበቃታል፣ ለሌላዋ ወራት ያስፈልጋታል። በመሀሉ የፀጉር ሥራ፣ የምግብ ዝግጅት ወይም የልብስ ስፌት ትሠለጥናለች። ወደ ወሎ የምትሄደው ላምበረት መናኸሪያ ትወሰዳለች፤ ያልጠናች ከሆነች ብቻዋን አትሳፈርም፣ አጃቢ እስከ ቤቷ ይሄዳል። ቤተሰቡ ተቀብሎ እስኪፈርም አጃቢው አይመለስም። ቤተሰብ ጨርሶ ያልተገኘለት፣ ሕመሙም ያልተሻለው ሰው ሲኖር ደግሞ ቋሚ መኖሪያ መፈለግ ግድ ይሆናል። በምሥራቁ የከተማ ክፍል፣ አያት አካባቢ ያለውና በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ወዳጅ ዘመድ ለሌላቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ቋሚ ቤት በመሆን ይታወቃል። ማረፊያ ቤትና ቋሚ መኖሪያ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው መሸኘት ሲያቆም ሁለተኛውን ይሆናል፣ ለሚቀጥለው ሌሊት ስልክም አልጋ አይተርፈውም።

6. ሕግና ገንዘብ

እነዚህ ቤቶች ገና በጨቅላነታቸው ሳሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ወጣ። ገንዘባቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚመጣ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። የተደበደበችን ሴት ማስጠለል ተፈቀደ፤ ስለ ደበደባት ሥርዓት በአደባባይ መሟገት ግን አልተፈቀደም። አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥም ተደነገገ፤ እንደ ነዳጅና ጉዞ ያሉ ወጪዎች በአስተዳደር ሲመዘገቡ፣ ዋና ሥራው ሰው ማመላለስና ማጀብ የሆነ ቤት ከማንም በላይ ተጨነቀ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የመብቱን ክልከላ አነሳ፣ የወጪውንም አቆጣጠር አሻሻለ።

በስደቱ በኩልም ሕጉ እየጠበቀ መጣ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ከውጭ ሥራ ሥምሪት ኤጀንሲዎች 100 ሺህ ዶላር መያዣ ጠየቀ፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድን ወንጀል በሰፊው ደነገገ። መያዣው ግን የሚያገለግለው በውል ለሄደችው ነው። በጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ የመን የገባው ወጣት፣ በሞያሌ ተሻግሮ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ የታሰረው፣ ተጠያቂ ኤጀንሲ የለውም። ማረፊያ ቤት የሚደርሱት ደግሞ በብዛት እንዲህ ያሉት ናቸው።

ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው በፕሮጀክት ነው፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ባለሙያዎቹ ይበተናሉ፤ ሌላ ማዕበል ሲመጣ ሥራው ከአዲስ ሰው ይጀመራል። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በአገሪቱ የሚሠሩ ብዙ ድርጅቶች ሥራቸውን አጥፈዋል። የቤት ኪራይ በየዓመቱ በሚንርበት ከተማ፣ አልጋ ያለው ግቢ ይዞ መቆየት ራሱ ትግል ነው። መሬት ወይም የራሳቸው ቤት ቢሰጣቸው ከብዙ ሥልጠናና ዐውደ ጥናት ይበልጥ ያጸናቸዋል።

7. ዛሬ

መጋቢት 2014 ላይ ኢትዮጵያና ሳዑዲ ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ለመመለስ ተስማምተው በረራዎቹ ተጀመሩ፤ በ2016 የጸደይ ወራት ደግሞ ሌላ 70 ሺህ ሰው የመመለስ ዕቅድ ይፋ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት መንገድ ዘግቶ ስለነበር የትግራይ ልጆች፣ ለጥቂት ወራትም የወሎ ልጆች፣ ወደ ቀያቸው መሸኘት ሳይቻል ቀርቷል። ለጥቂት ሌሊት የታሰበ አልጋ ለረጅም ጊዜ ተይዟል።

መቀበያው አሁን ከ2006 ይልቅ የተደራጀ ነው። ምዝገባ አለ፣ የጤና ምርመራ አለ፣ ተጋላጭ የሆኑትን ለይቶ ወደ ማረፊያ ቤት የሚልክ ቅብብሎሽ አለ። በክልል ከተሞችም የተመላሾች ጉዳይ ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ እና ከሥራና ክህሎት ቢሮዎች ሥራ ጋር ተያይዟል። የጎደለው ከሽኝት በኋላ ያለው ክትትል ነው። በስልክ መጠየቅ ርካሽ ነው፤ ሄዶ ማየት ግን በጀት ይጠይቃል። መድኃኒቷ ያለቀባት ወይም ዕዳው የጠናባት ሴት መልሳ ደላላውን የምትፈልገው በእነዚያ ወራት ነው።

ሌላው ክፍተት የወንዶቹ ነው። በ2006 ከሳዑዲ ከተመለሱት አብላጫዎቹ ወንዶች ነበሩ፤ ከዛምቢያ፣ ከታንዛኒያና ከማላዊ እስር ቤቶች የሚመጡትም በአብዛኛው የሐዲያ፣ የከምባታና የአካባቢው ወጣት ወንዶች ናቸው። በመጋቢት 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው 64 ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ 14 በሕይወት ተገኝተዋል። በዚያ መንገድ አልፎ የተመለሰ ወጣትም ሌሊት ይጮሃል፣ እሱም ለአባቱ መደወል ይፈራል። የአዲስ አበባ ማረፊያ ቤቶች ግን የተከፈቱት በዋናነት ለሴቶች ነው፤ ለታመመ ወንድ ተመላሽ ከአማኑኤል ወጥቶ የሚያርፍበት አልጋ ማግኘት ለማኅበራዊ ሠራተኞቹ ዛሬም ከሁሉ የከበደ ጉዳይ ነው።